ልጆች የያዘች እናት የት ትደር?

ለስፌት ቤቴ ጨርቅ ልገዛ ወደ ከተማ በወጣሁ ቁጥር የማርፈው አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ውሃው አይጠፋም፣ ባለቤቱም የሰው ኪስ አይዳብሱም። ከአልጋ ቤት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወድሰው ኖሬአለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስደርስ መግቢያው ደረጃ ላይ አንዲት ወጣት እናት ቁጭ ብላ አገኘሁ። ሕፃን ታቅፋለች፤ አንድ ድቡልቡል ወንድ ልጅ ጉልበቷ ላይ ተደፍቷል፤ ትልቋ፣ ትምህርት ቤት እንኳ ያልገባች ሴት ልጅ፣ ከጎኗ ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ትመረምራለች።

«ሰው እየጠበቅሽ ነው የኔ ልጅ?» አልኳት።

«አይ እትዬ፤ አልጋ አጥቼ ነው።»

«እዚህ ቤት? አልጋ ሞልቷል እኮ!»

«አልጋስ አለ። እኛ ነን የበዛነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገሩን አወጣጣሁ። ከፔንሲዮኑ ጀርባ ባለው የዓይን ክሊኒክ ለማግሥቱ ጠዋት ለሕፃኑ ተራ ይዛለች። «ዓይኑን ነጭ ነገር ጋርዶታል» አለች፣ ፊቱን በእጇ ከፀሐይ እየከለለች። «አሁን ካልተነሣለት ዓይኑ ማየት ሳይለምድ ይቀራል፤ በኋላ ቢነሣም ዋጋ የለውም ብለውኛል። ሐኪሙ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ጠዋት ስም ሲጠራ ያልተገኘ ደግሞ ተራው ያልፋል።»

«አባታቸውስ?»

«መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ በረሃ። ልጆቹን የምተውበት ሰው የለኝም።»

ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሦስቱንም ለምን ጎትታ መጣች?» ይላል። ልጅ እንደ ጃንጥላ ጎረቤት ቤት ተሰቅሎ የሚቆይ ዕቃ ነው እንዴ?

ቀደም ብላ ሌሎች ቤቶች አንኳኩታ ነበር። አንዱ በሩ ላይ «ልጅ አንቀበልም» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ሌላው ክፍሉን ካሳያት በኋላ ድቡልቡሉ ሲያለቅስ ሰማና «ለካ ተይዟል» አላት። «ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ሆቴልማ በፈገግታ ነው የተቀበለን» አለችኝ። «ግን ፈገግታውንም ጭምር ያስከፍላሉ። እዚያ ካደርኩ መድኃኒቱን በምን እገዛለሁ?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የማምሻው አውቶቡስ ሳያመልጠኝ ብመለስ ይሻላል መሰለኝ» አለች።

ደሜ ፈላ። የአንድ ሕፃን ዓይን በአልጋ እጦት ሊቀር ነው! «ተነሺ!» አልኳትና ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ገባሁ።

ባለቤቱን ደንበኞች ሁሉ «ጋሽ ደንቡ» እንላቸዋለን፤ «ደንቡ» ሳይሉ አንድ ነገር ተናግረው አያውቁም። ከባንኮኒው ኋላ ቆመው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

«ደህና መጣሽ ልብስ ሰፊ! ክፍልሽ ተጠርጎልሻል።»

«የኔ ይቆይ ጋሼ። ደረጃዎ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አይተዋታል?»

«አይቻት ነግሬያታለሁ። ደንቡ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ነው። እሷ አራት ናት።»

«አራት ሰው? ያ የታቀፈችውም ሰው ተብሎ ተቆጠረ? ጥርስ እንኳ አላበቀለም!»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ ሻንጣ?»

«ሻንጣ ቢሆንማ ያስገቡት ነበር!»

ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ የነበረ አንድ የጫማ ነጋዴ ሳቀ። ጋሽ ደንቡ ግን ፊታቸው ላይ ዝንብ አያሳርፉም።

«ስሚ ልብስ ሰፊ፣ እኔ ልጅ ጠልቼ አይደለም። አንድ ጊዜ አዝኜ ባለ ልጆች አስገባሁ። ግድግዳዬን በከሰል ጻፉበት፣ ፍራሼን በሽንት አጠጡት። ሽንት የጠጣ ፍራሽ ፀሐይ አያድነውም።»

«ባለፈው ስመጣ ያ ሰካራም እዚያ ፍራሽ ላይ የበላውን አልመለሰበትም? "ሰካራም አይገባም" የሚል ደንብ አወጡ?»

«ሰካራም ይከፍላል።»

«እሷ በነጻ አሳድሩኝ አለች እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው ልጆቿን ይዛ ከኋላዬ የገባችው እናት አፏን የከፈተችው። «አባቴ፣ እኔ ምጽዋት አልጠየቅሁም» አለች። ቀና ብላ ነው የቆመችው። «የአንድ ክፍል ከፍዬ አንድ ክፍል ነው የጠየቅሁት። አልጋውን ለልጆቹ ትቼ እኔ መሬት እተኛለሁ።»

«መሬት የሚተኛ እንግዳ የለኝም፤ ደንቡ አይደለም» አሉ።

ነጋዴው ጣልቃ ገባ። «እውነታቸውን እኮ ነው። እኛ ለእንቅልፍ ነው የምንከፍለው። ሕፃን ሲያለቅስ ማን ይተኛል?»

«አንተ ደግሞ!» አልኩት። «ባለፈው ጊዜ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን፤ ስታንኮራፋ መብራቱ ይወዛወዝ ነበር። ሕፃንስ ጡት ሲሰጡት ዝም ይላል፤ ላንተ ምን እንስጥህ?»

እግሩን ሰብስቦ ጋዜጣው ውስጥ ገባ።

ጋሽ ደንቡ ትንሽ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉን ሰው ሰድቦ መገላገል ይቻላል፤ ደንብ የያዘውን ደግ ሰው ግን በምን ይነቀንቁታል? «እሺ፣ ለአንቺ ስል» አሉ። «ሁለት ክፍል ትያዝ፤ ሁለተኛውን በግማሽ ዋጋ እተውላታለሁ። እናትና ሕፃን እዚሁ ታች፣ ሁለቱ ልጆች ፎቅ። ሁለት ሁለት ሆኑ ማለት ነው። ደንቡም ተጠበቀ።»

«የፎቁን ቁልፍ ማን ነው የሚይዘው፣ ድቡልቡሉ?» ብዬ ጮህኩ።

«ትልቋ ትያዘዋ! ነቃ ያለች ናት።»

እናትየዋ እጄን ያዘች። «ይሁን እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ሲመሽ ቀስ ብዬ ወደ እኔ አወርዳቸዋለሁ።» አያችሁ? ጨዋዋን ሴት በገዛ ገንዘቧ በያዘችው ቤት ልጆቿን እንደ ኮንትሮባንድ እንድትደብቅ የሚያስገድድ ደንብ!

ልጆቹን ወደ ላይ አወጣናቸውና አልጋው ላይ አስቀመጥናቸው። እናትየዋ የሕፃኑን ጨርቅ ልትቀይር ወረደች፤ እኔም ቦርሳዎቿን ላመጣላት ተከተልኳት። ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ በሩ ከላይ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ጋሽ ደንቡ ፎጣ ይዘው እየወጡ ነበር። አንኳኩ። «ክፈቺ የኔ እመቤት።»

«አልከፍትም» አለች ልጅቷ ከውስጥ። «እናቴ ለማታውቂው ሰው አትክፈቺ ብላኛለች።»

«እኔ እንኳ የማታውቂኝ አይደለሁም፤ የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«እናቴን እምቢ ያልካት?»

ጋሽ ደንቡ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። እናትየዋ ሕፃኑን እንዳቀፈች እየሮጠች መጣች። «እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!» ስትላት ቁልፉ ተንቋቋ፣ ግማሽ ዞረና ቀጥ አለ። «እምቢ አለኝ እማዬ።» ጋሽ ደንቡ ትርፉን ቁልፍ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ የውስጡ ተሰክቶ ስላለ አልገባም።

«ወንድምሽስ?» አለች እናትየዋ።

«መስኮቱ ላይ ቆሟል። መኪና እያየ ነው።»

ለእንግዳ ነፋስ እንዲገባለት ብለው አልጋውን መስኮቱ ሥር ያስጠጉት፣ መስኮቱንም ወለል አድርገው የከፈቱት ራሳቸው ጋሽ ደንቡ ናቸው። ከሥሩ የሲሚንቶ ግቢ ነው። እናትየዋ ልትጮህ አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት፤ ልጁ ደንግጦ ቢዞር አለቀ። ድንጋጤዋ የተጋባበት ይመስል ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ማልቀስ ጀመረ።

ጋሽ ደንቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ደንበኛ ፊት ኮታቸውን ሳይቆልፉ የማይቆሙት እኚህ ሽማግሌ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኙና አፋቸውን በሩ ሥር ባለው ክፍተት አስጠግተው፣ «ሚያው!» አሉ።

ከውስጥ የአልጋው ሽቦ ሲጥ አለ።

«ሚያው! ሚያው!»

«ድመት!» አለ ድቡልቡሉ፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ ዱብ ሲሉ ሰማን። ወዲያው ወፋፍራም ጣቶቹ በክፍተቱ ብቅ አሉ። ጋሽ ደንቡ ጣቶቹን በጣታቸው ይዘው፣ ሚያው ሚያው እያሉ፣ በመሃል ለልጅቷ «ቁልፉን ወደ ውስጥ ግፊው... ጎሽ... በሁለት እጅሽ... ወደ መስኮቱ በኩል አዙሪው...» አሏት። ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ።

እናትየዋ ሁለቱንም ከነሕፃኑ አንድ ላይ ጨምቃ ያዘች። ድቡልቡሉ ግን ጋሽ ደንቡን ዙሪያቸውን ዞሮ ፈተሸና፣ «ድመቷስ?» አለ።

እርሳቸው ከወለሉ አልተነሡም። ግድግዳ ተደግፈው ላባቸውን በእንግዳ ፎጣ ይጠርጋሉ። እኔም ይህን ጊዜ አላለፍኩትም፤ ያልተናገርኩት ነገር ይተናነቀኛል።

«ጋሼ፣ ይህን ደንብ ማን አወጣው? መንግሥት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያወጣው ይሻረው! ሕፃናትን ከእናታቸው ነጥሎ ከመስኮት ጋር የሚያሳድር ደንብ ለማን ነው የሚጠቅመው? ፍራሹ ከሆነ የሚያስፈራዎት፣ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ ፍራሹ ጠብታ አይነካውም። ግድግዳው ከሆነ፣ እጅ እስከሚደርስበት በሚታጠብ ቀለም ይቀባ። ጩኸቱ ከሆነ...»

«እሱን ነው እንጂ» አሉ ቀስ ብለው። «ነጋዴዎቹ ይሸሹኛል።»

«ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለውን የምድር ቤት ክፍል ማን ይዞታል?»

«ማን ይይዘዋል? ማሽኑ ሲጮህ ስለሚያድር ሰው አይወደውም።»

«ሰው አይወደውም፣ ልጅ ግን ይተኛበታል! ልጅን የሚያነቃው ዝምታ እንጂ ጩኸት አይደለም። ማሽኑ የእነሱን ለቅሶ ይውጠዋል፣ ነጋዴዎ ፎቅ ላይ ያንኮራፋ። ደረጃ የለውም፣ የሚወደቅበት መስኮት የለውም፣ ሙቅ ውሃውም ከጎኑ ነው። ሁለት አልጋ አጋጥመው ግድግዳ ያስጠጉ። ባዶውን ከሚያከርሙት በአንድ ክፍል ዋጋ ለባለ ልጆች ይስጡት። ክሊኒኩ ጀርባዎ ነው፤ አንዷ እናት ብትመርቅዎት ለአሥሯ ትናገራለች። ይህ ጽድቅ ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ገበያም ነው።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። «በዚህ ዕድሜዬ ድመት ሆንኩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከዚህ በኋላ ምን ያሳፍረኛል? አልጋውን እንግፋ፤ ነይ አግዢኝ።» ለእናትየዋም የሁለተኛውን ክፍል ገንዘብ መለሱላትና፣ «ይቅር በይኝ ልጄ፤ ቆጠራ እንጂ ማሰብ አልነበረም ሥራዬ» አሏት።

ዛሬ ያ ክፍል ባዶ አድሮ አያውቅም፤ ጎኑ ያለውም ለባለ ልጆች ተከፍቷል። ላስቲክ የተሰፋባቸውን አንሶላዎች የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን የምናገረው ገበያ ፍለጋ አይደለም፣ ቢሆንም አልከፋም። እናንተም ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መጠየቅ አትፈሩ፤ ምድር ቤት አለ ወይ፣ መስኮቱ ይዘጋል ወይ፣ ሁላችን አንድ ላይ እናድራለን ወይ በሉ። እንደ ጥፋተኛ አንገታችሁን አትድፉ። አልጋ ቤት ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁም በእናት ክንድ ታቅፋችሁ እንዳደጋችሁ አትርሱ።

ግን እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ የዚያ ማግሥት ጠዋት ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ቀድመን ደረስን፤ ጋሽ ደንቡ ድቡልቡሉን ተሸክመው አብረውን መጡ። ነርሷ የሕፃኑን ስም ስትጠራ እናትየዋ «አለን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ግቢውን አናጋው። ይዛው ገባች፤ ዓይኑም ተሠራለት፣ ዳነ።

ቀጥሎ የሌላ ሕፃን ስም ተጠራ። መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ነርሷ ትንሽ ጠብቃ ወደሚቀጥለው አለፈች። ከኋላችን አንዲት ሴት፣ «ያቺማ ትናንት ልጆቿን ይዛ አልጋ ስትፈልግ ውላ፣ በማምሻው አውቶቡስ ተመለሰች» አለች።

ጋሽ ደንቡ የተኛውን ልጅ ትከሻቸው ላይ ጠበቅ አደረጉት። ትናንት በራቸው ላይ ቆመው ስንቷን እንደመለሱ እያሰቡ መሆናቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ልብስ ሰፊ» አሉኝ። «እኔ ጋ መጥታ ነበር ይሆን?»

እኔም ላጽናናቸው አልፈለግሁም። «አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎም አያውቁም። መጥታም ከሆነ አልጠየቋትማ፤ የቆጠሩት ልጆቿን ብቻ ነው።»