የጁባው ሆቴል ስለት

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ሚኒባሱ ውስጥ ያወራሉ።

«የጎረቤቴ ልጅ ጁባ ላይ ሆቴል ከፈተ።»

«በምን ገንዘብ አባባ?»

«ባንኩማ ‹ሠርተህ አታውቅም› ብሎ መለሰው። የማኅበራችን ሰዎች በሬ እየሸጡ ሼር ገቡለት።»

«እርስዎስ?»

«‹ጎጆ እንኳ ሳትቀልስ ሆቴል ትሠራለህ?› ብዬ ሳቅሁበት።»

«አሁን ሳይቆጭዎት አይቀርም።»

«ፎቁ ወጣ ሲሉኝ አንጀቴ አረረ። እንዳይከፈት ለማርያም ጃንጥላ ተሳልሁ።»

«በስመ አብ! ሰማችዎት?»

«እናቱም እንዲከፈት ጃንጥላ ተስላ ኖሯል፤ የሷን ሰማቻት። ትናንት ስለቷን ስታገባ፣ ‹አንተ የልጄ አባት ማለት ነህ› ብላ ጃንጥላውን ያስያዘችው እኔን ነው።»

እኔም ጎረቤቴ እንዳይቀናው ተስዬ ጉልበቴ ላይ ያኖርሁትን አዲስ የስለት ጃንጥላ ቀስ ብዬ ከነጠላዬ ሥር ሸሸግሁት።