ስለ አውራ በጉ ጉንቱር አሟሟት የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ኢማስ ሱካኤሲህ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ የቤት ሥራና በግ ርቢ
አድራሻ፦ ጋሩት፣ ፓሲርሃኡር መንደር፣ በእህቴ ባል በጁሃና ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን 2019፣ ጠዋት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በአባህ ኤንግኮስ ላይ ስለቀረበው በግ የመመረዝ ክስ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው በታላቅ እህቴ በኤንቲን ቤት ነው። ባሏ ጁሃና ከሌሎች አውራ በጎች ጋር ለቀንድ ግጥሚያ የሚያወጣው ጉንቱር የሚባል አውራ በግ ነበረው። በጉ በመጪው እሁድ ሊጋጠም ተመዝግቦ ሳለ ከሳ፤ ከመንጋጋው ስርም አበጠ። ከሱቅ የተገዛው የትል መድኃኒት ተደጋግሞ ቢሰጠውም ለውጥ አላመጣም። ሰኞ ጠዋት ጁሃና እኔ ባለሁበት እህቴን፣ «ይሄ በግ እሁድ ካልቆመልኝ እህትሽን ይዘሽ ወደ አባትሽ ቤት!» ብሏታል። አባታችን በሕይወት የሉም፤ ቤታቸውም ተሽጧል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቴ ልካኝ በመንደሩ በግና ፍየል የሚያክሙትን ሽማግሌ አባህ ኤንግኮስን ጠራኋቸው። የጉንቱርን የዓይን ቆብ ገልብጠው ነጭ መሆኑን አዩና፣ «ደሙን ትሉ ጨርሶታል» አሉ። ለትል የሚሰጠውን፣ ሲበዛ ግን የሚገድለውን የፒናንግ ዘንባባ ፍሬ ወቅጠው፣ በጣት ጫፍ የምትያዝ ያህል በውኃ በጥብጠው ለጉንቱርና ለሦስት ሴት በጎች አጠጡ። ከዚያም የካሳቫ ቅጠል ቆርጠን፣ አንድ ሌሊት ሰቅለን፣ ሲነጋ እንድናበላቸው አዘዙ። ይህ አሠራር በመንደራችን የታወቀ ነው። ካሳቫው ለዱቄት ፋብሪካ የሚተከለው መራራው ዓይነት ስለሆነ ትኩስ ቅጠሉ ይገድላል። ጠውልጎ ሲያድር ግን መርዙ ይወጣለታል፤ ትሉንም ያዳክማል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው «አንድ ሌሊት» የሚለውን ነው። እስከ ዛሬ ያደረግነው ሁልጊዜ በበጋ ነበር።

ቅጠሉን ከበረቱ ውጭ ባለው የቀርከሃ መስቀያ ላይ የሰቀለችው እህቴ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ረቡዕ ጠዋት ቅጠሉን እንደ ረጠበ ስታወርድ አይቼ፣ «ቴቴህ፣ እህቴ፣ ይሄ እኮ ገና አልጠወለገም» አልኳት። «አንድ ሌሊት አላደረም? አድሯል! ደግሞ አንቺ ሐኪም ሆንሽብኝ» ብላኝ አበላቻቸው። አንዷ ሴት በግ እግሯን ታማ ለብቻዋ ታስራ ስለነበር ቅጠሉ አልደረሳትም።

ጉንቱርና ሁለቱ ሴት በጎች ብዙም ሳይቆዩ መተንፈስ አቅቷቸው ወድቀው ሞቱ። አባህ ኤንግኮስ ሊያዩ መጥተው ከእኔና ከእህቴ ጋር በረቱ ውስጥ ሳሉ ሰው ተሰበሰበ። በረቱ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ መውረጃው አንድ መሰላል ነው። መሰላሉን ጁሃና አነሳው። ከታች፣ «አንተ ሽማግሌ፣ የእሁዱ ተጋጣሚ ነው የላከህ?» ይሉ ነበር። አንዱ ጎረቤት፣ «አባህ፣ ለአማቴም ትንሽ ቋጥርልኝ!» ሲል ሳቁ። ሌላው፣ «እስቲ ራሱ ይጠጣውና እንየው! አውርዱት!» እያለ የቆምንበትን ወለል ከስር በእንጨት ይደበድብ ነበር።

በዚህ መካከል ከጉንቱር አፍ የቀረ ቅጠል አወጣሁ። የጠወለገ ቅጠል እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ የዚህኛው ዘንግ ግን ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አባህ ሰሙት። ቅጠሉን አዩ፤ ከዚያ እህቴን አዩ። እህቴ ከኋላዬ ሆና እጄን ትጨምቀኝ ነበር። አባህ ቅጠሉን ከእጄ ወስደው ወገባቸው ላይ ባሸረጡት ሳሮንግ ጥቅልል ውስጥ ሸጎጡት። በቀርከሃው ክፍተት ወደ ታች ጎንበስ ብለው፣ «ጁሃና ልጄ፣ ፒናንጉን አብዝቼባቸው ነው። እጄ አርጅቷል። ልጆቹን አውርዳቸው» አሉ። ፖሊስ መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ስለ ፒናንጉ መጠን ተጠይቄ፣ ያንኑ መጠን የጠጣችው እግሯን የታመመችው በግ ደህና መሆኗን፣ ዛሬ ጠዋትም ሣር እየበላች ትቻት መምጣቴን ገልጫለሁ። ቅጠሉ አባህ ሲያዙ በለበሱት ሳሮንግ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በጎቹን የገደሉት አባህ ኤንግኮስ አይደሉም። እህቴም ያደረገችው አስባ አይደለም።

ወደ ጣቢያው በሞተር ሳይክል ያመጣችኝ እህቴ ናት። በር ላይ፣ «ሽማግሌው ራሳቸው አምነዋል። አንቺ ‹ልክ ነው› ብለሽ ፈርመሽ ውጪ፤ ሩዝ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላኛለች። ይህ ቃል ሲጻፍ ግቢው ውስጥ ሞተሯ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው፤ ከተቀመጥኩበት በመስኮቱ ትታየኛለች። ቃሌ ለከሳሹ ለጁሃና ዛሬውኑ እንደሚነበብለት ተነግሮኛል። ሌላ የምሄድበት ቤት እንዳለኝ ተጠይቄ፣ የለኝም ብያለሁ።

የተጻፈው ሁሉ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ከመፈረሜ በፊት ቃሌን መለወጥ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በመስኮቱ አይቼ፣ አልለውጥም ብያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኢማስ ሱካኤሲህ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሄንድራ ሱታርማን