የውሻ የኔታ ይባሉ የነበሩት የአቶ ባዘዘው ፈንታ ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሮብ ገበያም ከሉማሜም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ እኔ የእኅታቸው ልጅ ጀምበሩ፣ የአጎቴን ታሪክ እንዳነብ ስታዘዝ፣ ያየሁትን ከሰማሁት ጋር አስማምቼ፣ የጎደለውን ደግሞ ትናንት በድንኳኑ ውስጥ ከተደረገው ክርክር አሟልቼ ቀርቤአለሁ። ክርክሩም ሟቹ ባንዳ ነበሩ ወይስ አርበኛ የሚል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ይህን ሰምተው ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ «ልጄ፣ አርበኛ ነበሩ በል አልልህም፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን አፈር ሳይገቡ ከላያቸው ላይ አንሣልኝ» አሉኝ። እንግዲህ አደራው ይኸው ነው።

አቶ ባዘዘው ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ዓለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን በ1898 ዓ.ም. በጮቄ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ዕድሜአቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቈጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ወደ ቅኔ ቤት ገቡ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ውሻ መሆኑን እዚህ የተቀመጣችሁ መሪጌቶች በእግራችሁ ላይ ባለው ጠባሳ ትመሰክራላችሁ። ባልንጀሮቻቸው የቅኔን መንገድ ሲያጠኑ እሳቸው የውሻን መንገድ አጠኑ። አንድ ቀን ደበሏቸውን አውልቀው የሰው ጋቢ ተውሰው ቢሄዱ፣ ትናንት የነከሳቸው ውሻ ዛሬ ጅራቱን እየቈላ ስለ ተቀበላቸው፣ ውሻ የሚጠላው ሰውዬውን ሳይሆን ልብሱን ነው የሚል ሐሳብ አደረባቸው። መምህራቸውም ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት የሚሰጥ ማዕረግ ባለማግኘታቸው፣ መርቀው አሰናበቷቸው።

ከዚያም ወይዘሮ የብርጓልን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው፣ መንበሩንና ሥራነሽን ወልደው፣ ለበግ አርቢዎች ጅብ የሚመልሱ ውሾች እያሠለጠኑ ሲኖሩ፣ በ1928 ዓ.ም. ጠላት ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሠራ። የምሽጉም ሻምበል ከአገሩ ተኩላ የሚመስሉ ውሾች አስመጥቶ ነበርና፣ ጠባቂያቸው ታሞ ሲሄድበት ውሻ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ፣ ሁሉም በአንድ አፍ «ባዘዘው» አሉት። ይህን የጠቈሙ ሰዎች፣ እንዲሁም ለምሽጉ በግና ገብስ ያቀርቡ የነበሩ ሰዎች አሁን ሁሉም አርበኞች ስለ ሆኑ፣ ስማቸውን በዚህ ቦታ ማንሣት አይገባም።

አቶ ባዘዘው ወደ ምሽጉ በገቡ ዕለት ግን ባንዳ የሚለው ቃል ወጣባቸው። የባለቤታቸው ወንድም ግራዝማች እንዳላማው፣ ያኔ በጮቄ ዱር ከአርበኞች ጋር ነበሩና፣ «አማቼ ሆይ፣ ውሻህን ላክና እኔን አስይዘኝ፤ አንተን ግን እኔ ራሴ እይዝሃለሁ» ብለው ላኩባቸው። ወይዘሮ የብርጓልም ከማኅበር ገብተው ሲቀመጡ ጽዋው በፊታቸው አልፎ ለጎረቤታቸው ይሰጥ ጀመር።

ውሻን ሰው እንዲይዝ ማስተማር ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ውሻው በፊት ጥርሱ ቀንጥቦ እንዳይሸሽ፣ አፉን ሞልቶ ይዞ እንዲጸና፣ ሲታዘዝም ወዲያው እንዲለቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ወፍራም ልብስ ለብሶ የሚነከስ ሰው ግድ ነው። ሰውየው ተገኘ፤ አቶ አወቀ ናቸው፤ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል። ልብሱ ግን ጠፋ። አርበኞቹ የሚለብሱት ጋቢ ስለ ነበር አቶ ባዘዘው አሮጌ ጋቢ ለማግኘት በየቤቱ ቢዞሩ፣ ለባንዳ ጋቢ የሚሰጥ አልተገኘም። ሻምበሉም በዚህ ተቈጥቶ ያረጁ የሶላቶ ካፖርቶች አስመጣና፣ «ይህን ልበሱ» አለ። አቶ ባዘዘው እጅ ነሥተው ተቀበሉ። አቶ አወቀ ካፖርቱን በገለባ ጠቅጥቀው እየለበሱ ይሮጡ፣ ውሻውም ይይዛቸው ጀመር። ውሻው አጥብቆ በያዘ ጊዜ ደመወዙ ያው ካፖርት ነበር፤ አውልቀው ይተዉለትና እየጎተተ እንደ ሙሽራ ይዞት ይገባል።

ቀጥሎ የመልቀቂያው ቃል ጉዳይ መጣ። ሻምበሉ፣ በአማርኛ ከሆነ ሽፍቶቹ ያውቁታል፣ በጣሊያንኛም ከሆነ ተምረውታል፣ ስለዚህ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ይሁን አለ። አቶ ባዘዘውም ጥቂት አስበው፣ «ኅድግ ለነ» ይሁን አሉ። አስተርጓሚው ፍሥሐ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበርና ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ «ጌታዬ፣ የሞተ ቋንቋ ነው፤ ማንም አያውቀውም» አለው። በጎጃም! ሻምበሉም ደስ ብሎት ተስማማ። በአቡነ ዘበሰማያት ውስጥ በየቀኑ የምንደግመው፣ በደላችንን ተውልን የምንልበት ቃል መሆኑን የነገረው አልነበረም።

በ1931 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦሩ ውሾቹንና አቶ ባዘዘውን ይዞ ወደ ጮቄ ወጣ። የጮቄን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሶላቶዎቹ ሁሉ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቈልፈው ነበር። ከሸለቆው ማዶ እነ ግራዝማች እንዳላማው ጋቢያቸውን ተከናንበው በታዩ ጊዜ፣ ሻምበሉ «ያዝ!» አለ። ውሾቹ ወደ ማዶ አዩ፤ ካፖርት አጡ። ወደ ኋላ ቢዞሩ ግን የካፖርት መዓት ቆሟል። እንደ ተማሩትም አፋቸውን ሞልተው ያዙ።

ሻምበሉ በጀርባው ወድቆ፣ ክንዱን ውሻ ይዞት፣ «ኢድግ! ኢድግ ሌና!» እያለ ይጮኽ ጀመር። የአገሩ ምላስ ሀ የሚባል ነገር አታውቅምና ውሻው ጠበቀ እንጂ አልለቀቀም። ሶላቶዎቹም እየተንከባለሉ በየአፋቸው «ኢድግ» ቢሉ የሚሰማ ውሻ ጠፋ። ማዶ ያሉት አርበኞች ግማሾቹ ከቅኔ ቤት ወደ ዱር የገቡ ነበሩና፣ ይህን ስሕተት ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም።

«ኅ በል አንተ! ከጉሮሮህ አውጣው!» ሲል አንዱ ጮኸ።

«በብዙኃኑ ኀ ነው፤ በሃሌታው እንዳይመስልህ!» አለ ሌላው።

«ምን ለውጥ አለው? ውሻው መች ይጽፈዋል?»

«ለውጥማ አለው! አንተስ የት ተማርህና!»

በዚህ የተነሣ በአርበኞቹ መካከል ጸብ ሊነሣ ደርሶ እንደ ነበር ይነገራል። በመጨረሻ ግራዝማች እንዳላማው ብድግ ብለው፣ በዜማ ድምፃቸው፣ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ!» ሲሉ፣ ውሾቹ ሁሉ ያዙትን ለቀው፣ ሸለቆውን ተሻግረው በእግራቸው ሥር ተኙ። አቶ ባዘዘውም የውሾቹን ማሰሪያ እንደ ጨበጡ ተከትለው ተሻገሩ። ሻምበሉም የተቀደደ ጦሩን ሰብስቦ ወደ ምሽጉ ተመለሰ።

ከዚያች ዕለት እስከ ነጻነት ድረስ አቶ ባዘዘው ከአርበኞቹ ጋር ሌሊት ዘብ የሚያድሩ ውሾች አሳድገዋል። ሆኖም ሰው፣ «ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ባዘዘውማ አስቦበት ቢሆን ይፎክር ነበር» እያለ፣ ቃሏን ከላያቸው ላይ አላነሣም። እሳቸው ሲጠየቁ፣ «እኔ የፈለግሁ ጋቢ ነበር፤ ሰጪ አጣሁ» ከማለት በቀር አልመለሱም። ትናንት አቶ አወቀን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ተነካሽ ነበርሁ እንጂ መካሪ አልነበርሁም» አሉኝ። ስለዚህ አስበውበት ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። ነገር ግን ልብስ እንጂ ሰው እንደማይነከስ በልጅነታቸው የተማሩ ሰው፣ ካፖርቱን እጅ ነሥተው ሲቀበሉ ምን ያስቡ እንደ ነበር፣ ከእናንተ መካከል ጋቢ የከለከላችኋቸው ብታስቡት ጥሩ ይመስለኛል። እንዲያውም ጋቢውን በመከልከላችሁ ጠላትን የመታችሁት እናንተ ናችሁ ብትሉ የሚቃወማችሁ የለም፤ አንዳንዶቻችሁም ብላችኋል።

አቶ ባዘዘው በመጨረሻ ዘመናቸው ከጮቄ ብርድ ያመጡት ሳል ጠንቶባቸው፣ ሲታመሙና ሲያገግሙ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የብርጓልን፣ ልጆቻቸውን መንበሩንና ሥራነሽን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ከአስከሬናቸው ጋር እዚህ ድረስ መጥቶ ከቅጽሩ ውጭ የተኛውን ውሻቸውን ትተው ሄደዋል።

እንግዲህ ካህናት አባቶች አቡነ ዘበሰማያትን ሊያስደግሙን ነው። የሻምበሉ ውሾች ያችን የመልቀቂያ ቃል በትክክል በሰሙ ጊዜ፣ ጥርሳቸው የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ወዲያው ለቀዋል። እኛ ግን ቃሏን ያለ ስሕተት በየቀኑ እየደገምናት፣ አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ይዘን ቆይተናል። አሁን «ኅድግ ለነ» ላይ ስንደርስ፣ በብዙኃኑም ይሁን በሃሌታው፣ እባካችሁ እንልቀቃቸው።

ነፍሳቸውን ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።