የእንስራው ክዳን

መርሳ ከተማ ላይ ውሃ ጠምቶኝ አንድ ቤት ጎራ ብል፣ እማማ ዘሃራ የሚባሉ እናት ሊቀዱልኝ እንስራቸውን ከፈቱ። ክዳኑ የሙዚቃ ሸክላ ነው! የመሃሉን ቀዳዳ በሰም ደፍነውታል። እኔ ደግሞ ወልዲያ ቤቴ የድሮ የጃዝ ሸክላ የምሰበስብ ሰው ነኝ፤ ፊደል ብዙ ስላልቆጠርኩ ቃል የሌለው ሙዚቃ ይመቸኛል። "ምነው እማማ፣ ይሄ እኮ ክዳን አይደለም!" አልኳቸው። "የሟች ባሌ ነው፤ ሸክላው ላይ ጥሩንባ የሚነፋው እሱ ነው። ማጫወቻው ሲሰበር ለእንስራው ልክ ሆነልኝ" አሉና ፊታቸው ተለወጠ። "ድምፁን አጥፍቼው ይሆን እንዴ?"

እኔ ጋ ማጫወቻ እንዳለ ነግሬ ቤቴን አመለከትኳቸው፤ በገበያ ቀን በሻርፓቸው ጠቅልለው ወልዲያ ይዘውት መጡ። ሰሙን ፈልቅቄ፣ አጥቤ፣ በስመ አብ ብዬ የማጫወቻዬን መርፌ አሳረፍኩበት። መጀመሪያ የተቧጨረው ሸክላ መንኳኳት ብቻ ተሰማ። እማማ አቀረቀሩ። ቆይቶ ፒያኖው ብቅ ሲል እጃቸውን አነሱ፤ "ዝም በል፣ አሁን ትንፋሹን ይስባል" አሉኝ። እውነትም ሰውዬው አየር ሳብ ሲያደርግ ተሰማ፤ ከዚያ ጥሩንባው ቤቱን ሞላው። አፈር የለበሰ ሰው ትንፋሽ እኔ ቤት! አማተብኩ። እሳቸውም "አላሁ አክበር" አሉ። ሲያልቅ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉና፣ "በል ልጄ፣ ለእንስራዬ ሌላ ክዳን ፈልግልኝ" አሉኝ።