ስንት ትራስ

በስደት በምኖርባት የወደብ ከተማ፣ ከቡላኦስ ሰፈር ወደ ሀራሙስ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ያገሬ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰው ቤት የምትሠራ ሴትና አንድ ጎልማሳ የከባድ መኪና ሾፌር።

«ጋሼ፣ ታናሽ እህቴ ሰሞኑን አላማረችኝም።»

«የት ናት?»

«ድሬዳዋ። ጤና ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በየቀኑ እየደወለች ትመረምረኛለች።»

«ምን እያለች?»

«እግርሽ ያብጣል? ደረጃ ስትወጪ ያደክምሻል? በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?»

«ትራስ ደግሞ ከጤና ምን አገናኘው?»

«እኔስ እሱን አይደል የምለው!»

«ተጠንቀቂ። በድሎት ትኖሪ እንደሆን እየሰለለችሽ ነው።»

«እኔ ደግሞ ማን ነገረብኝ ብዬ ነው የፈራሁት።»

«ምኑን?»

«ተዉት እሱን።»

«እና ምን አልሻት?»

«አያብጥም፣ አያደክመኝም፣ በአንድ ትራስ ነው አልኳት። ለካ የቤት ሥራ ኖሯል፤ ስለ ልብ ሕመም ምልክት ሰው ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ ተብለው ነው። መምህሯም አይታ 'ይቺ ሴትዮ ምንም የለባትም' አለቻት።»

«ታዲያ አለቀ ደቀቀ!»

«የት አለቀ? ትናንት እንደገና ደውላ 'የቤት ሥራውን አስረክቤያለሁ፤ አሁን እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ትራስ ነው?' አትለኝም! በምን ጠረጠረችኝ?»

«ስንት ነው?»

«ሦስት። ዝቅ ካልኩ ያፍነኛል። ብነግራት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች።»

«በስልክ ትንፋሽሽን ሰምታ ይሆናላ።»

ሀራሙስ ደርሳ እስክትወርድ ድረስ ትንፋሿን ስቆጥር ነበር።