በበግ ጀርባ የተፈተነ ቅባት

እትዬ አልጣሽ፣ ይኸ የቡሬ ሽንኩርት ዘንድሮ ምን ነካው? ገና ሳይላጥ ዓይን ያቃጥላል። ይተዉት፣ እኔ እከትፈዋለሁ፤ እርስዎ ወደ ዳሱ ጥላ ገባ ይበሉ... ለነገሩ እንደኔ ያለች የሙሽራ እናት ብታለቅስም ያምርባታል፣ አይደል?

አምለሰትን አዩዋት? አይ፣ እንኳን አላዩዋት። እሑድ የጅጋዎቹ አማቶቻችን ሙሽራቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ልጄ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ዓይኗ አብጦ ተከድኖ ጓዳ ተኝታለች። አንጀቴ አረረ! ግን ማንንም አልወቅስም። ቅባቱን ሠርታ የቀባቻት ሰው እኮ የተማረች ናት... ፍኖተ ሰላም ሄዳ ሁለት ቀን ሙሉ ሠልጥናለች! ሬት፣ ሎሚ፣ እንዶድ ነው የለወሰችው። ጋቢ የሚያነጣ እንዶድ የሰው ፊት ቢያነጣ ምን ይገርማል? «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርግም» አለችን። እውነቷን ነው፤ ሳማስ ከፋብሪካ ይመጣል እንዴ?

ደግሞ ሳትሞክር ሰጠች እንዳይሉብኝ፤ ኃጢአት ነው። በበጓ ጀርባ ላይ ቀብታ ሦስት ቀን ጠበቀች። አላሳከከውም፣ አልቀላም። በዚያ ሁሉ ፀጉር ላይ... ብቻ በጉ ቅር አላለውም። ዓይን እንዳይጎዳ ለማየትም ዶሮዋ ዓይን ውስጥ ጠብ አደረገችላት፤ ዶሮዋ ዓይኗን ጨፈነች፤ «ተመችቷት እንቅልፍ ወሰዳት» ብላ በደብተሯ ጻፈች። ራሷ አንብባልናለች እኮ! ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ፣ «ክንዳችሁ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ብታዩት ምን ነበረበት?» አለችን። የማን ክንድ? የሠሪዋ ክንድ እንደሆነ ስስ ነው፣ አይነካም።

«ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች» የሚሏት ሌላ ናት፤ የኛዋ ኩሉን ገና አልጀመረችም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ... እኛ ይኸው ደግሰናል፣ መጣላቱ ብቻ ነው የቀረን።

ውይ፣ ጮክ አልኩ እንዴ? እዚያ ማዶ ጎመን የምትቀነጥሰዋ ደግሞ ምነው ዓይኗ አቀረረ? ሽንኩርቱ እኮ እኔ ዘንድ ነው።

አይ፣ ለባለቅባቷስ ክፉ አልመኝም፤ ዘመድ ናት። እመቤቴ የእጇን ሥራ ትባርክላት! ሴት ልጇን ለወግ ለማዕረግ ታብቃላት። ያን ዕለት ሙሽሪትን ሌላ ሰው አይንካት... በገዛ እጇ፣ በገዛ ቅባቷ ኳኩላ ስትድራት ለማየት እኔንም ታድርሰኝ። አሜን በሉ እንጂ... እዚያ ማዶ ያላችሁትም!