በይለፍ ቃሉ የማይሰስት ሰው

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ የተነሳው ተቃውሞ የቡራዩንም የሰበታንም መንገድ በየጊዜው ሲዘጋው፣ ዕድላዊት የምትሠራበት መድን ድርጅት ዳር ዳሩን የሚኖሩ ሠራተኞቹን ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ አላቸው። ከሩቅ ሆኖ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተሮች የሚገባበትን መንገድ ያበጀችው እሷ ናት፤ የምትጠብቀውም እሷው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን የይለፍ ቃል ስትሰጥ «ለወለደቻችሁ እናት እንኳ እንዳትነግሩ» ብላ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የደንበኞች ፋይል ሾልኮ ወጥቶ በየሰዉ ስልክ ሲዞር ተገኘ። የክፍሉ ኃላፊ መልከጼዴቅ ጣቱን ሰበታ በሚኖረው ባይሳ ላይ ቀሰረ። ባይሳ መንገድ ተዘግቶበት መጥቶ ማስረዳት እንኳ ሳይችል ከሥራ ታገደ። «የዚያ ሰፈር ልጅ አይደል?» የሚል ሹክሹክታም ተከተለው።

ዕድላዊት ስታጣራ ግን ፋይሉ የወጣው በራሱ በመልከጼዴቅ ስም፣ ቡራዩ ካለው የኡዘይር ኢንተርኔት ቤት ሆኖ አገኘችው። ኡዘይርን ብትጠይቀው ሳቀ። አለቃዋ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እሱ ዘንድ እየመጣ ይሠራል፤ ሲቸኩል ደግሞ የይለፍ ቃሉን እዚያ ላገኘው ሰው ነግሮ «በል አንተ ጨርስልኝ» ብሎት ይሄዳል። ይህንን ለመልከጼዴቅ ብትነግረው እንዳልሰማ ሆነ። የሥራ ውሏ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ስለሆነ አፏን ያዘች። ባይሳ ግን በደወለ ቁጥር የሚነግራት የልጁን ወተት መግዣ ማጣቱን ነው።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ጠዋት የድርጅቱ ሚኒባስ ቡራዩ የሚኖሩትን እሷንና አለቃዋን አነሳቸው። መልከጼዴቅ ጋቢና ገባ። እሷ ከጀርባው ተቀመጠችና ወደ አዛውንቱ ሾፌር ወደ ኦቦ ባጫ ዘንበል አለች።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ባጫ? የገፈርሳ ግድብ ሞላ የሚሉት እውነት ነው? ባሕር ዛፉስ እንዴት ለምልሟል! ... ይገርምዎታል፣ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል እኔ አንድ ደግ ሰው አገኘሁ። የት ነው የሚሠራው እንዳይሉኝ፤ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ አይደል? ሰው ያለውን በሚደብቅበት ዘመን እሱ በይለፍ ቃሉ እንኳ አይሰስትም! እኛ ከባላችን የምንደብቀውን እሱ መንገድ ላይ ላገኘው ያድላል ... ይሄ ጽድቅ ካልሆነ ጽድቅ ምንድን ነው?»

ኦቦ ባጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመልከጼዴቅ ማጅራት ላይ ላብ ችፍ ሲል አየችና ድምጿን ይበልጥ አለሰለሰችው።

«ትሕትናውስ! ደግነቴ ይታወቅብኛል ብሎ ምስጋናውን ለሌላ ሰው አሸከመው። ለማን ይመስልዎታል? ሰበታ ቁጭ ብሎ የልጁን ወተት ከየት እንደሚያመጣ ለሚጨነቅ ምስኪን! ... ከራስ አስበልጦ ሰውን ማክበር ማለት እንዲህ ነው። ደግሞ እኮ ምሁር ነው! ስብሰባ ላይ ‹ጥንቃቄ› ሲል ቢሰሙት፣ ‹ጥ›ዋን እንዴት አድርጎ እንደሚረግጣት! ሁላችንን አስተምሮ ሲጨርስ ለራሱ የሚሆን ትምህርት አለቀበት ... ምን ያድርግ? ቸር ሰው ለራሱ ምን ያስቀራል?»

እየሳቀች ታውራ እንጂ በልቧ ፈርታ ነበር፤ አሁን ዞሮ ቢጮህብኝስ፣ ውሉ ቢቀርስ እያለች።

መልከጼዴቅ ግን አልዞረም። ዊንጌት ሳይደርሱ ስልኩን አወጣና ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ደወለ። «ባይሳን ያገድነው በስህተት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፋይሉ የወጣው በእኔ ስም ነው። ቢሮ ስገባ አስረዳለሁ። እሱ ግን ዛሬውኑ ይጠራ።»

ዕድላዊት ትንፋሿን ለቀቀች። እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃት ነበር፤ ግን ምላሷን አንዴ ጣፍጧት የለ!

«ኦቦ ባጫ፣ የዚያን ደግ ሰው ነገር እኮ ሳልጨርስልዎ ... እንዲህ ያለው ካልተመረቀ ማን ይመረቃል? አሜን ይበሉ እንግዲህ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። በሩ አይዘጋ። ገቢ ወጪው ይብዛለት። ያልጠራው እንግዳ አይጣ!»